ረቡዕ የወጣው ራዲያተር

ሴትዮዋን ያገኛት ዳቦ አከፋፋዩ ነው። ሐሙስ ጠዋት፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ፣ ዳቦውን ጭኖ ከዋናው መንገድ ወደ ጠጠሩ ሲታጠፍ መጀመሪያ ያየው የፈሰሰ ወተት ነበር።

«ዛሬ እንግዲህ ከተማው ሁሉ ሻዩን ያለ ወተት ሊጠጣ ነው ብዬ ሳቅኩ» አለ በኋላ ለፖሊስ ሲናገር። «እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ።»

ከወተቱ ማዶ የተኛችውን ያያት ከሳቀ በኋላ ነው።

ኢንስፔክተሩ ቦታው ሲደርስ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሰነፍ ሆኖ አልነበረም። የጣቢያው መኪና፣ አራቱም ጎማዋ የሚስብ አሮጌ ፎርዊል፣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ፈልታባቸው ሁለቱንም ጊዜ ሳጅኗ ከጀሪካን ውሃ ስትሞላ እሱ ኮፈኑን ደግፎ ቆሞ ነበር። ጡረታ ሊወጣ አሥራ አራት ወር ቀርቶታል። ጉልበቱ ግን ቀኑን አልጠበቀለትም፤ ቀድሞት ጡረታ ወጥቷል።

ሟቿ በከተማው የታወቀች ባለወተት ነበረች። ሦስት ላሞች ነበሯት። ከአንድ ልጇ ጋር እያለበች፣ ንጋት ላይ ወተቱን በትልቅ ጣሳ ይዛ በእግሯ ታድላለች። አሁን መንገዱ ዳር በጀርባዋ ተኝታ፣ ጭንቅላቷ ሥር ሹራቧ አራት ቦታ ታጥፎ ተደርጎላታል። ጣሳው አጠገቧ ቆሟል። የፈሰሰው ፈስሶ፣ ጣሳው ተነሥቶ፣ ክዳኑ እስከ መጨረሻው ጠብቆ ተገጥሟል።

ሳጅኗ ቁና ቁና እየተነፈሰች አጎነበሰች። የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ስታዝን ቁጣ ቁጣ ይላታል።

«ሰው ገጭቶ የሚሮጥ ሰው ክዳን ይገጥማል፣ አለቃ?»

«አልሮጠም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ነይ እስቲ ይህን እይ።»

ከሟቿ አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ጠጠሩ ላይ አረንጓዴ ኩሬ ተኝቷል። ከኩሬው ተነሥቶ ወደ ከተማው አቅጣጫ ጠብታ በጠብታ ይሄዳል። ኢንስፔክተሩ ከዚያ ጠዋት በፊት የራዲያተር ውሃ አይቶ የማያውቅ ቢሆን እንኳ፣ በሁለቱ ፌርማታቸው ላይ በደንብ ተምሮታል። ጠብታውን እየቆጠረ ተከተለ። አራት መቶ አሥር እርምጃ ላይ ቀጠነ፤ ከዚያ ጠፋ።

«ውሃው አለቀ» አለች ሳጅኗ።

«አለቀ። ሲነዳ እንዲህ ከተንጠባጠበ፣ ያን የሚያህል ኩሬ የሠራው ቆሞ ነው። ቆሞ አይቷታል። ሹራቧን አውልቆ አጥፎ ሥሯ አድርጎላታል። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።» ግንባሩን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ገጭቶ ያልቆመውን እጠላዋለሁ። ቆሞ የሄደውን ደግሞ ምን እንደምለው አላውቅም።»

ከኩሬው መሐል ሳጅኗ በመቆንጠጫ አንድ ነገር አወጣች። የጣት ጥፍር የምታህል፣ እንደ ወረቀት የሳሳች፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈች ቀላ ያለች ብረት ነበረች።

*

በዚያች ከተማ መኪና ያለው ሰው ሁሉ መካኒኩን ጋሽ ጆሮ ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። የሞተርን በሽታ በጆሮው ነው የሚለየው፤ ኮፈን ሳይከፍት «ሦስተኛው ሻማ» ይልና ሦስተኛው ሻማ ይሆናል። ለሃያ ዓመት የፖሊስ ጣቢያውን መኪና በሕይወት ያቆየ እሱ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ የጋራዡን በር ሳታልፍ ጀርባውን እንደሰጠ ተናገረ።

«ኢንስፔክተር፣ ውሃ ጨርሳለች። ፓምፑ ደህና ነው። ራዲያተሯ ነው የደነቆረው፤ ተደፍኗል።»

«ለእሷ አልነበረም የመጣሁት» አለ ኢንስፔክተሩ። «ግን ካልክ አይቀርም።»

ጋራዡ ከብዙ ሰው ሳሎን የጸዳ ነው። ቁልፎቹ በቁመታቸው ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ እያንዳንዱ ቆርቆሮ ክዳኑን ይዞ፣ እያንዳንዱ ጨርቅ ቦታውን ይዞ። ሚስቱ ከመደብሩ መስኮት ኋላ ተቀምጣ በካርቶን ላይ ያሉ ቁጥሮችን ጮክ ብላ ታነብለታለች፤ እሱ «አዎ»፣ «አይደለም» ይላል። ከግድግዳው ጥግ የእንስሳት ሐኪሙ ፎርዊል ኮፈኗ ተከፍቶ፣ የፊት ብረቷ ወልቆ ቆማለች። ራዲያተሩ የነበረበት ቦታ ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ባዶ ነው።

ኢንስፔክተሩ ቁራጯን መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ጋሽ ጆሮ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አሻሻት።

«የት አገኘኸው?»

«ባለወተቷ የሞተችበት ቦታ።»

መካኒኩ ቁራጯን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወራት።

«መዳብ ነው» አለ። «የራዲያተር ቅጠል። የድሮ ሥራ ነው፣ ጠንካራ። የአሁኖቹ አሉሚኒየም ናቸው፤ ላይና ታቻቸው ፕላስቲክ። ይሄ ከትልቅ መኪና ነው፤ ከዳገት መኪና።»

ሳጅኗ የኩሬውን ፎቶ ሰጠችው። ተቀብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ብዙ ውሃ ነው» አለ። ገልብጦ ስለያዘው እጇን ሰድዳ አቃናችለት። ኢንስፔክተሩ አየ፤ እሱም ትላንት መነጽሩን ፍሪጅ ውስጥ ስላገኘው አልፈረደበትም።

«በዚህ ሳምንት መዳብ ራዲያተር የለወጠ ማን አለ?»

«እኔ ዘንድ አንድ አለ። ያው፣ የሐኪሙ። የእሱ ግን ረቡዕ ነው የወጣው። በስብሶ ነበር። ዛሬ ንጋት መኪናዋ እዚሁ እንዳየሃት ባዶዋን ነበረች።»

«ረቡዕ» አለች ሚስቱ ከመስኮቱ ኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ራዲያተር የሌላት መኪና አትሄድም። ኢንስፔክተሩ ሐኪሙን ከዝርዝሩ ሰረዘውና፣ ደክሞት ስለነበር፣ ጠረጴዛው ላይ ወደ ተጋደሙት ሁለት አዳዲስ ራዲያተሮች ዞረ።

«ለእኛዋ የቱ ይሻላል?»

ጋሽ ጆሮ ስለ ዕቃ ሲጠየቅ ፊቱ ይፈታል። እጁን አንዱ ላይ አሳረፈ። «ይሄ አሉሚኒየሙ ነው። ቀላል ነው፣ ቶሎ ያቀዘቅዛል። ከተማ ለከተማ ለሚነዳ ሰው ሌላ አትሻ። ግን ኮረኮንች ላይ ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ ማንም አይበይድልህም። መዳቡ ከባድ ነው፣ ትንሽ ይዘገያል። ሲቀደድ ግን ጫካ ውስጥ የድስት በያጅ ብታገኝ እንኳ ይደፍንልሃል። የቱንም ስትመርጥ ታዲያ ዓይንህ ብልጭልጩ ላይ አይሂድ። የመቀመጫ ቀዳዳዎቹን ከአሮጌው ጋር አስተያይ። የቱቦውን አፍ ለካ። ውፍረቱን ለካ፤ ከወፈረ ማራገቢያው ይበላዋል። እዚህ መሐል ሁለት ጣት ካልገባ ተወው።»

«ሐኪሙ የቱን መረጠ?»

«ገና ነው። ዛሬ ረፋድ ላይ መጥቶ ሁለት ሰዓት ቆሞ አየና ‹ላስብበት› ብሎ ሄደ። ሚስቱን ሲያጭም እንዲህ አልፈጀበትም አሉ።»

ሳጅኗ ሳቀች። ጋሽ ጆሮ አልሳቀም፤ ጨርቁን አጥፎ ቦታው መለሰው።

*

አርብ የካባው ቀን ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ድንጋይ በሚፈነቀልበት ካባ ኃላፊ የሆነው ሰው ፎርዊሉን ሰሞኑን በሸራ ሸፍኖ እንዳቆመ አንድ ጥበቃ ነግሯቸው ነበር። ሸራው ሲገለጥ የፊቷ ፍርግርግ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከሥሯ እርጥብ ነው።

ኃላፊው ላብ በላብ ሆነ። ማክሰኞ ነው አለ። ከዚያ ሰኞ ነው አለ። ከዚያ ሸራውን መልሶ ሊያለብሳት ሞከረ።

«ስማ» አለው ኢንስፔክተሩ ድንጋይ ላይ እየተቀመጠ። «እኔ ጉልበቴን ያመኛል። አንድ ጊዜ ከተቀመጥኩ ቶሎ አልነሣም። ስለዚህ ቀስ ብለህ ንገረኝ።»

«ለአማቴ እንዳትነግሩብኝ።»

«አማትህን ነው የገጨኸው?»

«አጥሩን። ማክሰኞ ማታ ከሠርግ ስመለስ የአጥሩን ምሰሶ ጣልኩበት። እስካሁን ማን እንደጣለው እየፈለገ ነው። እኔም አብሬው እየፈለግኩ ነው።»

ሳጅኗ መኪናዋ ሥር ገብታ ጣቷን ነክራ ወጣች። ጣቷ ቀይ ነበር። «የእነሱ ውሃ ቀይ ነው፣ አለቃ። የኛ አረንጓዴ ነው።» ራዲያተሩንም ነካ ነካ አድርጋ «አሉሚኒየም» አለች። አንድ ቀን ሙሉ ከነአቧራው ባከነ።

ወደ ከተማ ሲመለሱ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ፈላች። ሳጅኗ ጀሪካኑን ልታወርድ ስትሄድ የኢንስፔክተሩ ስልክ ጮኸ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ነበር። ድምፁ ከኢንስፔክተሩ በላይ የደከመ ነበር።

«ወዲያው አልሞተችም» አለ። «ዳሌዋ ተሰብሮ ውስጥ ለውስጥ ነው የደማችው። ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ ምናልባት አንድ ሰዓት ቆይታለች። ራሷን ስታ፣ ትንፋሿ በጣም ደክሞ ይሆናል፤ ላላወቀ ሰው የሞተች ትመስላለች። በጊዜ ብትመጣልኝ እሞክር ነበር። እሱን ነው የምልህ። እሞክር ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ዘግቶ ለሳጅኗ ነገራት። እሷ ውሃውን ጨመረች። ጀሪካኑን ስትመልስ ግን ክዳኑን መግጠም ረስታ ጫማዋ ላይ አፈሰሰችው።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሳጅኗ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙትን ልታዳርስ ሄደች፤ አሮጌ ራዲያተር የሚቀበረው እነሱ ዘንድ ነው። ኢንስፔክተሩ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ክሊኒክ ያቀናው ሊጠረጥረው ፈልጎ አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ ራዲያተር ሲመርጥ የከረመ ሰው፣ ሌላ ማን ሲገዛ እንደነበር አይቶ ይሆናል ብሎ ነው።

ሐኪሙ ረጅም፣ ቀጭን፣ ለላም ሲሆን ደፋር ለሰው ሲሆን ዓይን አፋር ሰው ነው። ፎርዊሏ በሩ ላይ ቆማለች። የፊት መከላከያ ብረቷ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል።

«መዳቡን መረጥኩ» አለ ሐኪሙ፣ ወንበር እየሳበለት። «ማሰብ ነበረብኝ። እኔ የምሄደው መንገድ የሌለበት ነው። አሉሚኒየሙ ልቤን ወስዶት ነበር፤ ግን በረሃ ላይ ቢሰነጠቅ ከላሚቱ ጋር አብሬ ነው የምቀረው። ከማራገቢያው ጋር ያለው ክፍተትም ልክ ነው፤ ራሴ በማስመሪያ ለካሁት። ትላንት ማታ ገጥሞ ሰጠኝ።»

«ቀለሙስ?»

«እሱ ምርቃት ነው አለኝ። ዝገት አይቶበት። ጋሽ ጆሮ እንዲህ ነው፤ ለፍሬን ገብተህ ሙሽራ አስመስሎህ ይመልስሃል።»

ኢንስፔክተሩ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጠ። «ለፍሬን?»

«እኔ የሰጠሁት ለፍሬን ነው። ሞቃብኝ እንኳ አታውቅም ነበር። ሐሙስ ረፋድ ላይ ደወለና ‹ራዲያተርህ በስብሷል፣ ና ምረጥ› አለኝ። ደነገጥኩ፤ ግን እሱ ካለ አለ ነው።»

«ራዲያተሩ ረቡዕ እንደወጣ ነግሮኛል።»

«ረቡዕ?» ሐኪሙ አሰበ። «ረቡዕ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኮ መርፌዬን ከመኪናዋ ልወስድ ሄጄ ነበር። ሞተሯን አስነሥቶ ፍሬኑን እየረገጠ ነበር። ‹ነገ በጠዋት አንድ ዙር ወስጄ ልሞክራትና ትወስዳታለህ› አለኝ። ባዶ መኪና እንዲያ…»

እዚያ ላይ ቆመ። የሚናገረው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ያየው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነበር።

«ሐሙስ ንጋት እርስዎ የት ነበሩ፣ ዶክተር?» አለ ኢንስፔክተሩ። መጠየቅ ስላለበት ብቻ ነው የጠየቀው።

«ወንዙ ማዶ። ላም እያዋለድኩ፣ ጥጃ እየጎተትኩ። ገበሬው በሞተር ብስክሌት መጥቶ ወሰደኝ፤ መኪና ስለሌለኝ። እስከ ሦስት ሰዓት እዚያው ነበርኩ።» በበሩ ወደ ፎርዊሏ አየ። «ኢንስፔክተር፣ ምን እያልኩ ነው እኔ?»

«የሚያውቁትን ነው ያሉት። ሌላ ምንም አላሉም።»

*

ሳጅኗ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ጠበቀችው። እግሯ ሥር ጆንያ ላይ አሮጌ የመዳብ ራዲያተር ተጋድሟል። ብረት ገዢው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ከጋሽ ጆሮ ሚስት እንደወሰደውና ገና እንዳልቆራረጠው ነግሯታል።

«በስብሷል ብሏል አይደል?» አለች። «እስቲ የበሰበሰው ይታይ። ይኸው ግንባሩ፤ ከፊት ተገፍቶ ገብቷል። ይኸው ደግሞ ጀርባው።»

ጀርባው ላይ ቅጠሎቹ በግማሽ ክብ ተጠርገዋል። በኮምፓስ የተሳለ ይመስላል።

«ማራገቢያው ነው» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ማራገቢያው ነው። እየዞረ እያለ ነው የበላው። ሞተሩ እየሠራ ነበር ማለት ነው፣ አለቃ። ጠረጴዛ ላይ የወጣ ራዲያተር እንዲህ አይሆንም።» ቁራጯን ከኤንቨሎፑ አውጥታ ከግማሽ ክቡ ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ አስጠጋቻት። ገጠመች።

ኢንስፔክተሩ የጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሃያ ዓመት የሚያውቀውን ሰው ፊት በሐሳቡ አመጣው። የተገለበጠው ፎቶ ትዝ አለው። ከመስኮቱ ኋላ ቁጥር የምታነበው ሚስት ትዝ አለችው። ያ ሁሉ ድርደራ፣ ያ ሁሉ ንጽሕና ትዝ አለው፤ ሁሉ ነገር እጅ በሚያገኘው ቦታ።

«አለቃ?»

«ትንሽ ልቀመጥ፣ ሳጅን። ብንቸኩል የምናተርፈው የለም።»

*

ጋሽ ጆሮ የእግር ኮቴያቸውን ከበሩ ሰምቶ ቁልፉን አስቀመጠ። ያቺ የምትፈላው መኪና ውጭ ቆማለች። ሚስቱ ከመስኮቱ ኋላ ተነሥታ ቆመች።

ኢንስፔክተሩ ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን አንሥቶ ሰጠው። «ምን ይላል፣ አንብብልኝ።»

መካኒኩ ካርቶኑን ያዘ። ወደ ዓይኑ አላስጠጋውም። በጣቱ ጠርዙን ሄደበት።

«የዘይት ማጣሪያ ነው» አለ።

«እሱማ በእጅህ አወቅከው። ጽሑፉን ነው ያልኩህ።»

«ረቡዕ ነው ያወጣው!» አለች ሚስቱ። «እኔ ራሴ አይቻለሁ፣ ረቡዕ ነው…»

«ተይ» አለ ጋሽ ጆሮ በለሰለሰ ድምፅ። «ተይ፣ የኔ እናት። በቃ።»

ካርቶኑን ቦታው መለሰው። ከዚያ ሁለት እርምጃ ሄዶ፣ ሳይደናበር፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ሁለት ዓመት ይሆናል። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ነበር የጠፋው። አሁን በገለባ ቀዳዳ የማይ ነው የሚመስለኝ፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ቀርታኛለች። ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። አይመለስም አሉኝ። ለማን ልንገር? ዓይነ ስውር መካኒክ ዘንድ ማን መኪና ያመጣል?»

«ታዲያ ለምን ትነዳለህ?»

«ፍሬን ሠርቶ ሳይሞክር የሚሰጥ መካኒክ ነፍሰ ገዳይ ነው» አለ፤ ከዚያ ቃሉን ራሱ ሰማው። «ንጋት ላይ ነው የምሞክረው ሁልጊዜ። መንገድ ላይ ሰው እንዳይኖር ብዬ።»

ሳጅኗ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ከዳር ነው የመጣችው። እኔ ዳር የለኝም» አለ ጋሽ ጆሮ። «ድምፁን ነው የሰማሁት፤ የጣሳውን። ወዲያው ደግሞ ማራገቢያው ራዲያተሩን ሲበላ። ወረድኩ። እየዳሰስኩ አገኘኋት። ሹራቧን አጠፍኩላት። ጣሳውን አቆምኩ።»

«ክዳኑንስ ለምን ገጠምክ?»

«አላውቅም። እጄ ክፍት ነገር አይወድም።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደረግኩ። ምንም አልሰማሁም። ሞተሩን አላጠፋሁትም ነበር። ባጠፋው ዳግም አትነሣም ብዬ ፈራሁ። አጠገቤ እየጮኸች ነበር፣ ማራገቢያው እያንኳኳ። ምንም አልሰማሁም። ሞታለች አልኩ። ሞታለች ካልኩ በኋላ መሄድ ቀለለኝ።»

«ስልክ ይዘሃል?»

«ይዤ ነበር።»

«ሆስፒታሉ አሥር ደቂቃ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ሚስቱ ያለ ድምፅ ታለቅስ ነበር። ባሏ ድምፅ አልባውን ለቅሶ ሰምቶ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሩ።

«ስለ ቁራጩ ለምን እውነቱን ነገርከኝ?» ሲል ጠየቀው ኢንስፔክተሩ። «አሉሚኒየም ነው ብትለኝ አምንህ ነበር።»

«ዕቃ ላይ ዋሽቼ አላውቅም።» ከንፈሩ ደርቋል። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ወዲያው ነው የሞተችው፣ አይደል?»

ኢንስፔክተሩ አፉን ከፈተ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለሰዎች ክፉ ወሬ ሲያደርስ ኖሯል፤ በዚህኛው ላይ ግን ምላሱ ታሰረ። ውሸቱም አልወጣ አለው፣ እውነቱም። ያ ዝምታ ምናልባት አምስት ሰከንድ ነበር። ለማዳመጥ ለተፈጠረ ሰው ግን በቂ ነው።

ጋሽ ጆሮ ቀስ ብሎ ራሱን ወደ ጉልበቱ አቀረቀረ። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም።

*

ከኋላ መቀመጫ፣ ከሳጅኗ ጎን አስቀመጡት። ኢንስፔክተሩ ራሱ ነዳ። ገበያውን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ከኋላ «አቁም» የሚል ድምፅ መጣ።

«ምን ሆንክ?»

«እኔ ምንም። እሷ ናት። ልትፈላ ነው።»

ኢንስፔክተሩ መለኪያውን አየ። ቀስቱ ገና መሐል ላይ ነበር። ቢሆንም አቆመ። ኮፈኑን ከፍቶ ሲጠጋ ውስጡ መንተክተክ ጀምሯል።

«ክዳኑን አሁን እንዳትነካው» አለ ጋሽ ጆሮ ከመኪናው ውስጥ። «ፊትህን ያቃጥልሃል። ሩብ ሰዓት ተዋት።»

ሦስቱም ወርደው መንገዱ ዳር ባለ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀመጡ፤ ኢንስፔክተሩ፣ እስረኛው፣ ሳጅኗ። ሰዎች አለፉ። አንዳንዶቹ ጋሽ ጆሮን ሰላም አሉት፤ ፖሊሶቹ መኪናቸውን ሊያሠሩ የወሰዱት መስሏቸው። እሱም ለእያንዳንዱ መለሰ፣ በድምፃቸው እየለየ።

*

አሥር ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሩ ብቻውን ወደ ባለወተቷ ቤት ሄደ። ልጅቷ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ወፍራም ሴት፣ ግቢው ውስጥ ጣሳዎች ታጥብ ነበር። ሐሙስ ዕለት መርዶ ሲነግራት አላለቀሰችም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያለቀሰች መሆኑን ዓይኖቿ ይናገራሉ። ጣሳውን ሳታስቀምጥ ሰማችው። ማን እንደሆነ፣ ለምን ንጋት ላይ እንደነዳ፣ ምን እንዳደረገና ምን እንዳላደረገ፣ ሁሉንም ነገራት።

«ብቻዋን ነበረች?» አለች ሲጨርስ።

«መጀመሪያ አልነበረችም። አጠገቧ ቆይቷል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ትቷት ሄደ።»

ልጅቷ ጣሳውን ደፍታ ውሃውን አንጠፈጠፈች። ከኋላቸው አንዲት ላም ጮኸች፤ የመታለቢያ ሰዓቷ አልፏል።

«ወተት የምናደርስባት የመጨረሻዋ ቤት የጋሽ ጆሮ ናት» አለች። «እናቴ እዚያ ስትደርስ ትቀመጥ ነበር። ሚስትየው እግሯን እንድታሳርፍ ወንበር ታወጣላታለች። ልጅ የላቸውም፣ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ አሁን ሴትዮዋ ብቻዋን ናት።»

ልጅቷ ባልዲውን አንሥታ ጥቂት ሄደችና ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣም ይቅርታም አልነበረም፤ ሥራዋን የምታሰላ ሰው ፊት ነበር።

«ነገ ማደል ልጀምር ነው። የእነሱን ቤት ልለፈው ወይስ ላድርስ?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አለ ኢንስፔክተሩ። «እውነቴን ነው የምልሽ። እኔ እንጃ።»

ላሟ ደግማ ጮኸች። ልጅቷ ባልዲዋን ይዛ ወደ ጋጣው ገባች።